የኢየሩሳሌም የባቡር ጣቢያ፤ ታሪኩና እድሳቱ

የኢየሩሳሌም ቅጥር በሮች ብዙዎች ናቸው፤ ስማቸውንም የተማረ ሰው ሁሉ ያውቃል። የደማስቆ በር፥ የኢዮጴ በር፥ የጽዮን በር፥ የአንበሶች በር እየተባለ ይቈጠራል። ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የተሠራ፥ ቅጥርም መዝጊያም የሌለው አንድ በር ግን ከቍጥሩ ሲገባ አይሰማም። እርሱም ከአሮጌይቱ ከተማ በስተ ደቡብ፥ ከሄኖም ሸለቆ ማዶ፥ ወደ ቤተ ልሔምና ወደ ኬብሮን በሚወስደው መንገድ አጠገብ የቆመው አሮጌው የባቡር ጣቢያ ነው። በዚህ በር ከ1885 እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ፥ ጦርነት ካቋረጠው ጊዜ በቀር፥ ተሳላሚና ነጋዴ፥ ወታደርና ስደተኛ፥ ንጉሥና ድኻ ሲገባና ሲወጣ ኖሯል። ዛሬ ሕንፃው ታድሶ ያማረ ሆኖ ቆሟል፤ ባቡር ግን አይመጣበትም። እንግዲህ የታደሰው ምንድር ነው? የቀረውስ ምንድር ነው? ይህን ለማወቅ የቤቱን ታሪክ ከመሠረቱ ጀምሮ መመርመር ይገባል። ከዚህ በታች የሚነገረው ዘመን፥ ሌላ ካልተባለ በቀር፥ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።

ባቡር ከመሠራቱ በፊት ከባሕር ዳር ወደ ኢየሩሳሌም መውጣት ቀላል ነገር አልነበረም። ተሳላሚው በመርከብ እስከ ኢዮጴ ይመጣል፤ ኢዮጴም ነቢዩ ዮናስ በኰበለለ ጊዜ ከመርከብ የተሳፈረባት፥ ጴጥሮስም በስምዖን ቍርበት ፋቂው ቤት ሳለ ራእይ ያየባት ጥንታዊት ወደብ ናት። ወደቧ በዐለት የታጠረ ስለ ሆነ ታላቅ መርከብ ወደ ዳር አይጠጋም ነበርና፥ መንገደኛው ከነጓዙ ወደ ትንሽ ጀልባ ወርዶ በማዕበልና በዐለት መካከል ወደ የብስ ይሻገር ነበር። ከዚያ በኋላ በበቅሎ ወይም በግመል፥ ገንዘብ የሌለው በእግሩ፥ ሜዳውንና ተራራውን አልፎ ወደ ቅድስት ከተማ ይወጣል። በኋላ ዘመን ለሠረገላ የሚሆን መንገድ ቢጠረግም እንኳ፥ ጉዞው ቀኑን ሙሉ የሚፈጅና አካልን የሚያደክም ነበር።

የኢትዮጵያዊው ተሳላሚ መከራ ደግሞ ከዚህ እጅግ የበዛ ነበር። ከደጋው አገር ወርዶ በምጽዋ ወይም በሱዳን በኩል ወደ ግብፅ፥ ከግብፅም ወደ ኢየሩሳሌም ለመድረስ ወራት፥ አንዳንድ ጊዜም ዓመት ይፈጅበት ነበር። ስንቁን በጫንቃው፥ ንስሓውን በልቡ ይዞ የወጣ ብዙ ሰው በረሓ ቀርቷል። የደረሰውም በዴር ሡልጣን ከሚኖሩት መነኰሳት ወንድሞቹ ዘንድ ተጠግቶ፥ የጌታን መቃብር ተሳልሞ፥ ኀይል ያለው ይመለስ ነበር፤ ኀይል ያጣው እዚያው ሞቶ ይቀበር ነበር። ስለዚህ ወደ ኢየሩሳሌም የሚወስድ መንገድ ማጠሩ ለኢትዮጵያ ሰው የሩቅ አገር ወሬ አልነበረም።

በኢዮጴና በኢየሩሳሌም መካከል የባቡር መንገድ ይሠራ የሚለው አሳብ ብዙ ዘመን ሲነገር ከቈየ በኋላ፥ በኢየሩሳሌም የተወለደ ዮሴፍ ናቮን የሚባል አይሁዳዊ ነጋዴ ነገሩን ከፍጻሜ ለማድረስ ተነሣ። ወደ ቍስጥንጥንያ ሄዶ ብዙ ደጅ ከጠና በኋላ፥ ጥቅምት 19 ቀን 1881 ዓ.ም. ከቱርክ መንግሥት ለ71 ዓመት የሚጸና ፈቃድ ተቀበለ። ነገር ግን ፈቃድ መያዝና ገንዘብ መያዝ አንድ አይደለምና፥ ሥራውን በራሱ ሀብት ሊፈጽመው አልቻለም። ስለዚህ በቱርክ ግዛት የባሕር መብራቶችን ይቈጣጠር ለነበረው ለፈረንሳዊው በርናር ኮላስ ፈቃዱን በ1 ሚሊዮን ፍራንክ ሸጠለት። ኮላስም በ1882 ዓ.ም. በፓሪስ ማኅበር አቋቋመ፤ ከገንዘብ አዋጪዎቹም ብዙዎቹ ቅድስት አገርን የሚወዱ የፈረንሳይ ካቶሊካውያን ነበሩ። የመጀመሪያው የአፈር ቍፋሮ መጋቢት 23 ቀን 1882 ዓ.ም. በኢዮጴ አቅራቢያ ያዙር በምትባል መንደር በክብር ተጀመረ።

ሥራውን የሠሩት ሰዎች ከልዩ ልዩ አገር የተሰበሰቡ ነበሩ፤ ከግብፅ፥ ከሱዳን፥ ከአልጄርያም መጥተው ዐለቱን ፈለጡ፥ ገደሉን ሞሉ። በቈላው ወባ ብዙዎችን ፈጀ፤ ዐለት ሲሰበርም የሞቱ ነበሩ። ሐዲዱ ከፈረንሳይና ከቤልጅግ፥ ጎታቾቹ ባቡሮች ግን ከአሜሪካ፥ በፊላደልፊያ ከሚገኘው ከባልድዊን ፋብሪካ መጡ። በሁለቱ የሐዲድ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ሆነ፤ ይህም ወጪ ለመቈጠብና በተራራ መካከል ጠምዛዛ መንገድ ለማውጣት የሚመች ነበር። የመንገዱ ርዝመት 87 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከኢዮጴ እስከ ራምላ ያለው በ1883 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ወደ ተራራው የሚወጣው ክፍል ግን አድካሚ ስለ ነበር፥ የመጀመሪያው ባቡር ኢየሩሳሌም የደረሰው በነሐሴ ወር 1884 ዓ.ም. ነው።

መንገዱ የሚያልፍባቸውን ስፍራዎች መጻሕፍት ያነበበ ሰው ሁሉ በስም ያውቃቸዋል። ባቡሩ ከኢዮጴ ተነሥቶ በመጀመሪያ ልዳ ይደርሳል፤ ይህች ጴጥሮስ ኤንያን የፈወሰባት፥ የሰማዕቱ የቅዱስ ጊዮርጊስም መቃብር ያለባት ከተማ ናት። ከዚያም በራምላ፥ በሰጅድ፥ በዴር አባን አልፎ ወደ ሶሬቅ ሸለቆ ይገባል፤ ይህም ሶምሶን ደሊላን የወደደበት ሸለቆ ነው። ሸለቆው እየጠበበ፥ መንገዱም እንደ እባብ እየተጥመለመለ በባቲር በኩል ወደ ላይ ይወጣና፥ ዳዊት ፍልስጥኤማውያንን ሁለት ጊዜ ድል ባደረገበት በራፋይም ሸለቆ ራስ ላይ ጕዞው ያበቃል። ጣቢያውም የተሠራው በዚህ ነው። ኢንጂነሮቹ ይህን መንገድ የመረጡት ውኃው በብዙ ሺህ ዓመት የቈረቈረላቸውን ዳገት ለመከተል እንጂ ለመጻሕፍት ክብር ብለው አይደለም፤ ነገር ግን ውኃ የሚሄድበትን ጦርም፥ ተሳላሚም፥ ባቡርም ይከተለዋልና የታሪክና የሐዲድ መንገድ አንድ ሆነ።

የጣቢያው ሕንፃ ታላቅ አይደለም። በአገሩ ነጭ ደንጊያ የተሠራ፥ መካከሉ ባለ ሁለት ፎቅ፥ ግራና ቀኙ ዝቅ ያሉ ክንፎች ያሉት፥ መስኮትና ደጁ በቅስት የተከበበ፥ ጣሪያውም በቀይ ሸክላ የተከደነ ቤት ነው። በኢዮጴም እርሱን የሚመስል ጣቢያ ተሠርቷል፤ ስለዚህ ተሳላሚው ከአንዱ ቤት ተነሥቶ ወደ መንትያው የሚሄድ ይመስል ነበር። ማኅበሩ ገንዘቡን ስለ ሳሳ፥ በአውሮጳ ታላላቅ ከተሞች እንዳሉት ያለ በመስተዋትና በብረት የተሸለመ አዳራሽ አላሠራም። ከውስጡ የወጣ ሰው ግን ቀና ቢል ማዶ የጽዮንን ተራራ ያያል፤ የሄኖምን ሸለቆ ተሻግሮ ጥቂት ቢሄድ የኢዮጴን በር ያገኛል። ከዚህ የሚበልጥ ሽልማት ለአንድ ጣቢያ ሊገኝለት አይችልም።

ጣቢያው በይፋ የተመረቀበትን ቀን የኢትዮጵያ ሊቃውንት ሊያስተውሉት ይገባል። በአውሮጳውያን አቈጣጠር ሴፕቴምበር 26 ቀን 1892 ነበር። በዚያ መቶ ዓመት የሁለቱ አቈጣጠር ልዩነት ከዛሬው በአንድ ቀን ያንስ ነበርና፥ ቀኑን ወደ እኛው ባሕረ ሐሳብ ቢመልሱት መስከረም 17 ቀን 1885 ዓ.ም. ሆኖ ይገኛል። ይህም ንግሥት እሌኒ በዚያችው ከተማ የጌታን መስቀል ያገኘችበት የሚታሰብበት በዓል ነው። ፈረንሳውያኑና የቱርክ ሹማምንት ይህን አስበው ቀኑን መርጠዋል አይባልም፤ ነገር ግን በኢትዮጵያ ደመራ ተለኵሶ በነጋበት በዚያው ዕለት ነው ኢየሩሳሌም አዲሱን በሯን የከፈተችው። ዐፄ ዮሐንስ ያስጀመሩትና በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተፈጸመው የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያንም ከአሮጌይቱ ከተማ ቅጥር ውጭ በ1885 ዓ.ም. ገደማ ተሠርቶ አልቋል። ስለዚህ የኢትዮጵያ ተሳላሚ የሚወርድበት ጣቢያና የሚያርፍበት ደብር በአንድ ዘመን ቆሙ ማለት ነው።

ሥራው ለጀመሩት ሰዎች ግን ብዙ ትርፍ አላመጣላቸውም። ማኅበሩ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የመንገደኛና የዕቃ ማነስ አስጨነቀው፤ ናቮንም ማዕርግና ኒሻን ቢቀበልም ሀብቱን አጥቶ ወደ ፓሪስ ሄደ፥ እዚያም ሞተ። ከተማይቱ ግን ከባቡሩ ተጠቀመች። ተሳላሚ በዛ፤ ከቅጥር ውጭ ያለው ሰፈር ሰፋ፤ እህልና ከሰል፥ ደብዳቤና ጋዜጣ በጥቂት ሰዓት ከባሕር ዳር ይደርስ ጀመረ።

በዚያው ዘመን በኢትዮጵያም ተመሳሳይ አሳብ ተነሥቶ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ ለሙሴ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር ፈቃድ ሰጡ፤ ኢልግም ከፈረንሳዊው ከሙሴ ሸፍኔ ጋር ሆኖ ማኅበር አቋቋመ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ፤ የዚህም ሐዲድ ስፋት እንደ ኢየሩሳሌሙ 1 ሜትር ሆነ። ታኅሣሥ 15 ቀን 1895 ዓ.ም. ባቡሩ ከሐረር ተራራ በታች ካለው ሜዳ ደረሰና የድሬዳዋ ከተማ ተቈረቈረች። የመጀመሪያው ማኅበር ከሰረ፤ በ1900 ዓ.ም. ለሐኪሙ ለዶክተር ቪታልየን በተሰጠው አዲስ ፈቃድ ሌላ ማኅበር ተተክቶ፥ በ1909 ዓ.ም. ሐዲዱ አዲስ አበባ ገባ። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሁለቱን ታሪኮች ጐን ለጐን ያነበበ ሰው ፈቃድ አውጪው አንድ፥ ገንዘብ አዋጪው ሌላ፥ በሥራው የሚሞተው ሌላ፥ የሚጠቀመውም ሌላ መሆኑን በሁለቱም ዘንድ ያገኛል።

በ1907 ዓ.ም. የዓለም ጦርነት የኢየሩሳሌምን ባቡር መልክ ለወጠው። የቱርክ ጦር በኢዮጴና በልዳ መካከል ያለውን ሐዲድ ነቅሎ ለጦር መንገድ አዋለው፤ ከልዳ እስከ ኢየሩሳሌም ያለውንም ከሌላው የግዛቱ ባቡር ጋር እንዲገናኝ ስፋቱን ወደ 1 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ለወጠው። ኅዳር 30 ቀን 1910 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ለእንግሊዝ ጦር እጅዋን ስትሰጥ፥ የሚያፈገፍገው ጦር ድልድዮቹን አፍርሶ ነበር። እንግሊዞችም ጠግነው፥ ሐዲዱን በአውሮጳ በተለመደው በ1 ሜትር ከ43 ሳንቲ ሜትር ተኩል ስፋት እንደ ገና አነጠፉት። እንዲህ ሆኖ በ30 ዓመት ውስጥ ሐዲዱ ሦስት ልክ ለወጠ፤ ቤቱ ግን በቦታው ነበረ። እንግሊዞች በጦርነቱ ጊዜ ከስዊስ ቦይ አጠገብ ከቃንጣራ ጀምሮ የሲናን በረሓ አቋርጦ ልዳ የሚደርስ የባቡር መንገድ ስለ ሠሩ፥ ኢየሩሳሌም ከግብፅ ጋር ተገናኘች። ከዚያ ወዲህ አንድ ኢትዮጵያዊ በአዲስ አበባ ባቡር ተሳፍሮ፥ ቀይ ባሕርን በመርከብ ተሻግሮ፥ ከቃንጣራ እንደ ገና ባቡር ቢሳፈር፥ አያቱ በዓመት ያልደረሰበትን መንገድ በጥቂት ሳምንት ይፈጽመው ነበር።

በ1916 ዓ.ም. ልዑል አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ወደ አውሮጳ ሲሄዱ አስቀድመው ኢየሩሳሌምን ተሳለሙ፤ የዴር ሡልጣንንም ጕዳይ ከሹማምንቱ ጋር ተነጋገሩ። በዚያም ወላጆቻቸውን ያጡትን አርባ የአርመን ልጆች በሙዚቃ ሲጫወቱ ሰምተው ወደ አዲስ አበባ እንዲመጡ አደረጉ። ይህ የደስታ ጉዞ ነበር። ከዐሥራ ሁለት ዓመት በኋላ የመጣው ግን የሐዘን ነው።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፥ የጠላት ጦር ወደ ዋና ከተማቸው በቀረበ ጊዜ፥ ከቤተ ሰባቸውና ከጥቂት ሹማምንት ጋር በባቡር ወደ ጅቡቲ ወረዱ። ከጅቡቲ ኢንተርፕራይዝ በምትባል የእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው ሚያዝያ 30 ቀን ሐይፋ ደረሱ፤ ቀኑም የወንጌላዊው የማርቆስ በዓል ነበር። ከሐይፋ በልዩ ባቡር ወደ ኢየሩሳሌም ወጡ፥ ከዚያችም ባለ ቀይ ክዳን ትንሽ ጣቢያ ወረዱ። አዲስ አበባን በለቀቁ በሰባተኛው ቀን መሆኑ ነው። ከአንድ ጣቢያ ንጉሠ ነገሥት ሆነው ተነሥተው በሌላው ጣቢያ ስደተኛ ሆነው የወረዱበት ይህ ጕዞ፥ በሁለት የባቡር መንገዶች መካከል የተጻፈ የአንዲት አገር መከራ ነው። በኢየሩሳሌም ወደ ጌታ መቃብር ሄደው ጸለዩ፤ ግንቦት 2 ቀንም ከዚያችው ከተማ ወደ መንግሥታት ማኅበር ቴሌግራም ላኩ። በሚቀጥለው ወር በጄኔቫ ቆመው ዓለምን የወቀሱበት ነገር መነሻው በኢየሩሳሌም ነበር። ጣቢያው ለሌሎች የመምጫ ወይም የመሄጃ ቤት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ለኢትዮጵያ ሰው ግን የስደትን ዘመን የመጀመሪያ ገጽ ይዟል።

በእንግሊዝ አገዛዝ መጨረሻ ዘመን ጣቢያው ራሱ የጦር ስፍራ ሆነ። ጥቅምት 20 ቀን 1939 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የሚዋጋ ኢርጉን የሚባል የአይሁድ ድብቅ ጦር በሻንጣ የተሸሸገ ፈንጂ በጣቢያው አኑሮ አፈነዳ፤ አንድ ፖሊስም ፈንጂውን ለማራቅ ሲሞክር ሞተ። በ1940 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት መንገዱ ተቋረጠ። በ1941 ዓ.ም. በሮዴስ ደሴት በተደረገው የእስራኤልና የዮርዳኖስ የተኩስ ማቆም ስምምነት ላይ ይህ የባቡር ሐዲድ ታላቅ ነገር ሆኖ ተነሣ፤ ወሰኑ በባቲር መንደር አጠገብ ሲሰመር ሐዲዱ ሁሉ ለእስራኤል እንዲሆን ተደረገ። የባቲር ፍልስጥኤማውያን ገበሬዎችም ባቡሩ በሰላም እንዲያልፍ፥ ከሐዲዱ ማዶ የቀረውን ማሳቸውን ግን ማረሳቸውን እንዳይተዉ ተስማሙ። ጥንታዊ የሆነው የእርከን እርሻቸውና የውኃ ቦያቸው በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ባቡሩም በ1941 ዓ.ም. ነሐሴ እንደ ገና ኢየሩሳሌም ደረሰ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ጠላት በጦር መሣሪያ የሚገፋ አልነበረም፤ አውቶቡስና አስፋልት ነበር። ሰፊ የመኪና መንገድ ተሠርቶ መንገደኛው ከቴል አቪቭ በአንድ ሰዓት ሲመጣ፥ በ1880ዎቹ ተጠምዝዞ የተሠራው ሐዲድ ባቡሩን በዝግታ ያስኬደው ነበርና፥ ተሳፋሪው እያነሰ ሄደ። በ1990 ዓ.ም. አገልግሎቱ ቆመ። ጣቢያው ተዘጋ፤ ለ15 ዓመት ያህልም ተጥሎ ኖረ። በሐዲዱ መካከል ሣር በቀለ፥ መስኮቱ ተሰበረ፥ የሸክላው ክዳን ረገፈ። ከአጠገቡ የሚያልፈው ሰው ንጉሥ የወረደበትን ደጅ የቈሻሻ መጣያ ሆኖ አየው።

በ1997 ዓ.ም. የተጠገነው ሐዲድ እንደ ገና ተከፈተ፤ ነገር ግን ባቡሩ ማልሓ በሚባለው በከተማይቱ ዳር በተሠራው አዲስ ጣቢያ ቆመ እንጂ ወደ አሮጌው ቤት አልዘለቀም። ልጅ ከብዙ ዘመን በኋላ ተመልሶ፥ የአባቱን ቤት እያየ በጎረቤት እንደሚያድር ያለ ነገር ሆነ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ፈጣን ባቡር በከተማይቱ ምዕራባዊ መግቢያ፥ ከምድር በታች 80 ሜትር ያህል ጠልቆ በተሠራ ጣቢያ አገልግሎት ጀመረ። የጣቢያው ስም ይስሐቅ ናቮን ይባላል፤ የተሰየመውም ለአምስተኛው የእስራኤል ፕሬዚዳንት ነው። ስለዚህ ናቮን የሚለው ስም በኢየሩሳሌም የባቡር ታሪክ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ተጽፎ ይገኛል።

አሮጌው ጣቢያ ግን ሌላ ዕድል አገኘ። ሕንፃው ተጠግኖ፥ ደንጊያው ተጠርጎ፥ ክዳኑ ታድሶ በግንቦት ወር 2005 ዓ.ም. ለሕዝብ ተከፈተ፤ ስሙም በዕብራይስጥ «ሃታሐና ሃሪሾና» ማለት የመጀመሪያው ጣቢያ ተባለ። ባቡር ይቆምበት የነበረው ስፍራ በእንጨት ተነጥፎ የምግብ ቤትና የገበያ፥ የሙዚቃና የሥዕል ማሳያ አደባባይ ሆነ። ከጣቢያው ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ የሚሄደውም አሮጌ ሐዲድ አልተነቀለም፤ ከመካከሉና ከዳሩ የእግረኛና የቢስክሌት መንገድ ወጥቶለት፥ የአይሁድንና የዐረብን ሰፈር የሚያገናኝ ረጅም የመናፈሻ ስፍራ ሆነ። መንትያው የኢዮጴ ጣቢያም ከእርሱ ጥቂት ዓመት ቀድሞ በዚሁ ዓይነት ታድሷል።

በዚህ እድሳት ላይ ሁለት ዓይነት ፍርድ ሊሰጥ ይችላል። አንዱ ወገን፥ ባቡር የሌለበት ጣቢያ ዜማ እንደማይሰማበት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ተሳላሚ የወረደበትን ስፍራ የቡና መጠጫ ማድረግ ታሪክን መሸጥ ነው ይላል። ሌላው ወገን ግን፥ የፈረሰ ቤት ማንንም አያስታውስም፤ ሰው የሚበዛበት ቤት ጠባቂ አያጣም፥ ጠባቂ ያለው ደንጊያም አይወድቅም ይላል። ነገሩን በእውነት ለመረመረ ሰው የሁለተኛው ወገን ቃል ይበልጥ ያመዝናል። ዐሥራ አምስቱ የመተው ዓመታት ያሳዩት ይህንኑ ነውና፤ ሥራ ያጣ ቤት በዝናብና በሌባ እጅ ሲያልቅ ከማየት፥ ሌላ ሥራ ተሰጥቶት ቆሞ መገኘቱ ይሻላል። ገበያ ከመሆኑ በፊት ፍርስራሽ እንደ ነበረ የዘነጋ ሰው ብቻ ነው ገበያነቱን የሚያማርር።

የመጀመሪያው ወገን ቃል ግን ሁለንተናው ሐሰት አይደለም። ግንበኛ ሊያድሰው የሚችለው ደንጊያና እንጨት ነው። በዚያ ደጅ የወረደውን ሰው፥ ከኢትዮጵያ መጥቶ መሬቱን የሳመውን መነኵሴ፥ በፈንጂው የሞተውን ፖሊስ፥ ማሳው በሐዲድ የተከፈለበትን የባቲርን ገበሬ፥ አገሩ በእሳት ስትነድ የመጣውን ንጉሥ ሊያድስ አይችልም። ቅኔ የተማሩ ሰዎች እንደሚያውቁት፥ ሰም ያለ ወርቅ ባዶ ነው፤ ወርቅም ያለ ሰም መያዣ የለውም። የጣቢያው ሕንፃ ሰሙ ነው፤ በውስጡ ያለፉት ሰዎች ወርቁ ናቸው። ሰሙን ግንበኞች አዳኑት፤ ወርቁን ማዳን ግን የታሪክ ጸሐፊና የአባት ለልጅ ነጋሪ ፈንታ ነው። ይህንንም ሥራ የአንድ አገር ሰዎች ብቻ ሊፈጽሙት አይቻላቸውም፤ በዚያ በር የየሕዝቡ ሰው ገብቷልና፥ እያንዳንዱ ሕዝብ የራሱን ሰው ታሪክ ሊጽፍ ይገባዋል።

ይህም ነገር በኢትዮጵያ ደጅ ላይ የቆመ ጕዳይ ነው። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ የሚሄደው የቀድሞው ባቡር ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለውን የመንገደኛ አገልግሎት በ2000 ዓ.ም. ገደማ አቆመ። በ2009 ዓ.ም. አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ፥ በ2010 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ጣቢያዎቹም እንደ ማልሓው ጣቢያ ከአሮጌዎቹ ርቀው በከተማ ዳር ተሠሩ። በአዲስ አበባ በ1922 ዓ.ም. የተመረቀው ለገሃር፥ የድሬዳዋም አሮጌ ጣቢያ ከነመጠገኛ ቤቱ፥ በሐዲዱም ላይ ያሉት ትንንሾቹ ጣቢያዎች ሁሉ የኢየሩሳሌሙ ጣቢያ በ1990 ዓ.ም. በደረሰበት መንታ መንገድ ላይ ደርሰዋል። ወደ ቍልቢ የሚሄደው የገብርኤል ተሳላሚ ድሬዳዋ የወረደው፥ የሚያዝያ 24ቱም የስደት ጕዞ ያለፈው በዚህ በአሮጌው ሐዲድ ነበር። ሚያዝያ 30 ቀን ኢየሩሳሌም የተፈጸመው መንገድ ግማሹ እዚህ አለ።

እንግዲህ ከኢየሩሳሌም የሚገኘው ትምህርት ሁለት ነው። የመጀመሪያው፥ አሮጌ ጣቢያ ባቡር ስለ ቀረበት መሞት የለበትም፤ ትምህርት ቤት ወይም ቤተ መጻሕፍት፥ ገበያ ወይም የእንግዳ ማረፊያ ሆኖ ሊኖር ይችላል፤ ክዳኑ ሳይረግፍ ቢደርሱለት ወጪው ያንሳል፥ ከረገፈ በኋላ ግን ይበዛል። ሁለተኛው፥ ግንቡ ከመታደሱ በፊት ወይም አብሮ፥ በዚያ የሠሩና የወረዱ ሰዎች ቃል በጽሑፍ ሊሰበሰብ ይገባል። ሐዲድ አንጣፊው፥ ትኬት ቈራጩ፥ ባቡር ነጂው፥ በመስኮቱ እንቍላልና ብርቱካን ትሸጥ የነበረችው ሴት አርጅተዋል፤ ደንጊያ መቶ ዓመት ቢቆይ ሰው እስከዚያ አይጠብቅም። የኢየሩሳሌም ጣቢያ ጠጋኞች ክዳኑን እንደ ጥንቱ በቀይ ሸክላ ሊመልሱት ችለዋል፤ በ1885 ዓ.ም. በመስቀል ቀን ከመጀመሪያው ባቡር የወረደውን መንገደኛ ግን ምን አየህ ብሎ የሚጠይቀው አላገኙም።